በዘንዶ አገር የነቀምቴ ቤት

ከቢሮ ወይም ከክፍል ሲወጡ፣ በነቀምቴም ይሁን በጊምቢ፣ ከመንገድ ዳር ካሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብለው ያውቁ ይሆናል። ወንበሩ ሁሉ ተይዟል፤ ተራ ጠባቂው ከተጫዋቹ ይልቅ ይጮኻል፤ በመስኮቱ ላይ የሚታየውም አብዛኛውን ጊዜ እግር ኳስ ነው። ከኑኑ ቁምባ ወይም ከሌላ ወረዳ ለትምህርት የመጡ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን የቪዲዮ ጨዋታ ያዩት እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሊሆን ይችላል። ዛሬ የማወጋዎት ግን ስለ ሌላ ዓይነት ጨዋታ ነው፤ ዘንዶ ስለሚበርርበት፣ አስማተኛና ባለጋሻ ስለሚዋጉበት፣ ተጫዋቹም አንድ ሰው ሆኖ ለወራት ስለሚኖርበት የተረት ዓለም። ይልቁንም ያ ዓለም ተሠርቶ ከተሸጠ በኋላ ተጫዋቾቹ ራሳቸው እንዴት እንደሚለውጡት ላጫውትዎ እፈልጋለሁ።

ይህ ለውጥ «ሞድ» ይባላል። ስሙ እንግዳ ቢሆንብዎትም ነገሩን ሳያውቁት አልቀሩም። «ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር» የተባለውን የኳስ ጨዋታ ያስታውሱ እንደ ሆነ፣ አሳታሚው የብዙ እንግሊዝ ክለቦችን ስም ለመጠቀም ፈቃድ ያልነበረው ጊዜ ሊቨርፑልን «መርሲሳይድ ሬድ»፣ ቼልሲን «ለንደን ኤፍ ሲ» እያለ ይሸጥ ነበር። ተጫዋቾቹ ግን እውነተኛውን ስም፣ ዓርማና ማልያ የያዘ ፋይል እየሠሩ በነፃ ያድሉ ስለ ነበር፣ ያን ፋይል የጫነ ሰው ክለቡን በስሙ ጠርቶ ይጫወታል። ሞድ ማለት ይኸው ነው፤ ባለቤቱ የተወውን ተጫዋቹ ሲጨምርበት።

ገበጣ የተጫወተ ሰው ደግሞ ይህን ነገር የሚያውቀው ከአያቱ ነው። የአንዱ መንደር ሕግ ከሌላው መንደር ሕግ አይገጥምም፤ የጉድጓዱ ቁጥር ይለያል፣ የጠጠሩ አዘራር ይለያል፣ የሚበላበትም መንገድ ይለያል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙትን የገበጣ ዓይነቶች ሲዘረዝሩ ከመቶ በላይ ሆነውላቸዋል። ይህን ሁሉ ያሻሻለው ሰው ማንንም አላስፈቀደም፤ ስሙንም አላስጻፈም።

በተረት ዓለም የሚጫወቱት ጨዋታ ራሱ የተወለደው በኮምፒዩተር ላይ አይደለም። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ ሲያሳትሙ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ብቻ ነበር። ሦስት ዳይስ ይጣላል፤ ድምሩ ከ3 እስከ 18 ይሆናል፤ ይኸው ስድስት ጊዜ ተደጋግሞ የሰውየው ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ዕውቀት፣ ጥበብና ግርማ ሞገስ በወረቀት ላይ ይሰፍራል። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ በትረካው ውስጥ ይኖራሉ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ «ግሬይሆክ» የተባለ የመጀመሪያው ተጨማሪ መጽሐፍ ወጣ። እንግዲህ ጨዋታው ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ተጨማሪ ተሠርቶለታል ማለት ነው። በነገራችን ላይ፣ መብራት በሚጠፋበት ምሽት አራት ጓደኛሞች በሻማ ሊጫወቱት የሚችሉት ይኸኛው ነውና አይናቁት።

በኮምፒዩተር ከተሠሩት መካከል ስለ ሞድ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው «ስካይሪም» ነው። ቤተስዳ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2011 ሲሆን፣ በእኛ አቈጣጠር ኅዳር 1 ቀን 2004 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ኩባንያው በጥቂት ወራት ውስጥ ለሠሪነት የሚያገለግለውን መሣሪያ ጭምር በነፃ ሰጠ። ይህን ያህል ዘመን ቆይቶ ዛሬም የሚጫወተው ሰው አለመጥፋቱ በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

አሁን ሰውዎን እንፍጠር። ከ10 ዘሮች አንዱን ይመርጡለታል። ሦስት ሀብት አለው፤ ጤና፣ የአስማት ኃይልና ጉልበት። ሦስቱም ባብዛኛው ከ100 ይጀምራሉ። ሰውየው አንድ ደረጃ በወጣ ቁጥር ከሦስቱ ለአንዱ ብቻ 10 ነጥብ ይጨምሩለታል፤ በዚያው ላይ አንድ ልዩ ችሎታ ይመርጡለታል። ሙያዎቹ 18 ናቸው፤ ስድስቱ የጦረኛ፣ ስድስቱ የአስማተኛ፣ ስድስቱ ደግሞ የአድፋጭ። ሙያ የሚያድገው በመሥራት ነው፤ ሰይፍ የሚያነሣ ሰይፈኛ ይሆናል፣ ብረት የሚቀጠቅጥ አንጥረኛ ይሆናል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ሰውዎ 31ኛ ደረጃ ሲደርስ 30 ጊዜ መርጠዋል፤ ይኸውም 300 ነጥብ ነው። ሁሉን ለጤና ቢሰጡት ጤናው 400 ይሆናል፤ ነገር ግን ጥቂት ጊዜ በሙሉ ኃይሉ ሰይፍ ሰንዝሮ ትንፋሹ ያልቃል። እኩል ቢያካፍሉት ደግሞ ሦስቱም 200 ይሆናሉ። ይኸኛው ፍትሐዊ ይመስላል፤ ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅበት ግን እዚህ ላይ ነው። ሁሉን ትንሽ ትንሽ የሚያውቅ ሰው፣ ዘንዶው ፊት ሲቆም አስማቱ አይበቃውም፣ ጋሻውም አይበቃውም። ሁለት ባላ ትከል የሚለው የአበው ምክር እዚህ ቦታ በትክክል ይሠራል፤ ሦስት አላሉም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጫወት ሰው ሁለቱን ለጤና፣ አንዱን ለጉልበት እያደረገ ቢሄድ፣ ከሙያውም በአንድ እጅ የሚያዝ ሰይፍ፣ ጋሻ፣ ከባድ ጥሩርና አንጥረኝነት ቢመርጥ ብዙ አይቸገርም።

ይህን ብዬዎትም እርስዎ መጨረሻዎ ቀስተኛ መሆኑን እገምታለሁ። የስካይሪም ተጫዋቾች ሁሉ የሚሳሳቁበት ነገር ነው፤ ጀግናው አስማተኛ ልሁን ብሎ ይነሣል፣ ባለመጥረቢያ ልሁን ብሎ ይነሣል፣ በመጨረሻ ጨለማ ውስጥ ተደብቆ ቀስት ሲወረውር ይገኛል። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ሳይታይ የተወረወረ ቀስት ከመደበኛው ሁለት እጥፍ ይጐዳል፤ ተገቢው ልዩ ችሎታ ሲጨመርበት ሦስት እጥፍ ይሆናል። ጩቤ ይዞ በስተኋላ የሚደርስ ሰው ደግሞ 15 እጥፍ ሊመታ ይችላል። የአስማተኛው እሳት ግን ሙያው ስላደገ ብቻ የበለጠ አያቃጥልም፤ የሚቀንሰው ወጪው ነው። እንዲህ ከሆነ ማን አስማተኛ ይሆናል? አንጥረኝነትም የራሱ ቀልድ ነበረው። ሰው ሁሉ ርካሽ የብረት ጩቤ በመቶ እየቀጠቀጠ በአንድ ምሽት ታላቅ አንጥረኛ ስለ ሆነ፣ ኩባንያው በኋላ ሕጉን አሻሽሎ ዕድገቱን ከዕቃው ዋጋ ጋር አያያዘው።

ሞድ የሚመጣው እንዲህ ያለውን ጉድለት ሊሞላ ነው። «ኦርዲኔተር» የተባለው ሞድ የጨዋታውን ልዩ ችሎታዎች አንሥቶ ከ400 በላይ አዲስ ያስገባል፤ አስማተኛውም ወግ ያለው አስማተኛ ይሆናል። «ስካይ ዩ አይ» የተባለው የዕቃ ዝርዝሩን ለኮምፒዩተር ተጫዋች እንዲመች አድርጎ ያሰናዳል። ኩባንያው ሳያርም የተዋቸውን ስሕተቶች ለቅመው የሚያርሙ በጎ ፈቃደኞችም አሉ። የጎፈሬ ፀጉር ያለው ጀግና ለማግኘት ሲሉ ፀጉር ብቻ የሠሩም አሉ፤ ሥራቸውን ቀላል ነው አልልም። በጣም የሚበዛው ግን ሰይፍ ነው። በአንድ ምት ተራራ የሚንድ ሰይፍ የጨመረ ሰው ለአንድ ሰዓት ይደሰታል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈራው ነገር ስለማይኖር ጨዋታው ይሞትበታል።

ሞዶች ሲበዙ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። ይህን ለመረዳት የመንግሥት ሠራተኛ ከማንም ይቀድማል። ስለ አንድ ጉዳይ ሁለት ደብዳቤ ቢመጣልዎት የትኛውን ይፈጽማሉ? የኋለኛው የፊተኛውን ይሽራል። ጨዋታውም እንዲሁ ነው፤ ፋይሎቹን በቅደም ተከተል ያነባል፣ ሁለቱ ስለ አንድ በር የተለያየ ነገር ቢያዝዙ በመጨረሻ የተነበበው ይጸናል። ስለዚህ የአቀማመጡ ቅደም ተከተል ከሞዱ ጥራት ያልተናነሰ ነገር ነው። «ሎት» የተባለ ነፃ ፕሮግራም ይህን ቅደም ተከተል ያስተካክልልዎታል። መዝገብ ቤቱም ልክ አለው፤ እያንዳንዱ ፋይል የሚታወቅበት ቁጥር አንድ ባይት ብቻ ስለ ሆነ፣ ከመደበኛዎቹ ፋይሎች ከ254 በላይ መጫን አይቻልም። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ለትንንሾቹ ፋይሎች ሌላ መንገድ ቢከፈትላቸውም ለትልልቆቹ ልኩ ያው ነው።

ከኔ ስሕተት ይማሩ። ሁለት ወር የተጫወትኩበትን ሰው ይዤ ሳለሁ አንድ ሞድ ስላስጠላኝ በመካከሉ አወጣሁት። ጨዋታው ተከፈተ፣ ሰውየውም ቆመ፤ ነገር ግን የወጣው ሞድ ትእዛዞች ባስቀመጥኩት ፋይል ውስጥ ቀርተው ኖሮ፣ አንዳንዱ በር አይከፈትም፣ አንዳንዱ ሰው አይናገርም፣ በመጨረሻም ፋይሉ ራሱ አልከፈት አለ። የተጀመረ ጨዋታ ካለ ሞድ አይውጣ፤ ከመጀመርዎ በፊት ይምረጡ። ደግሞም የሚሠራልዎትን ነገር ሁሉ በፍላሽ ገልብጠው ያስቀምጡ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ኩባንያው ጨዋታውን ሲያድስ ብዙ ሞዶች የሚደገፉበት ፕሮግራም በአንድ ቀን ሥራ አቁሞ ነበር፤ አሮጌውን ቅጂ የያዘ ሰው ግን ምንም አልሆነም። በወለጋም በ2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦ እንደ ነበር አንባቢ አይዘነጋውም። ፍላሽ የያዘ ሰው ያን ጊዜ ምን እንደ ጠቀመው ያውቃል።

ታዲያ ይኸ ሁሉ ድካም እንጀራ ያበላል ወይ? ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በተለይ በወር ደመወዝ ለሚተዳደር። አሌክሳንደር ቬሊኪ የተባለ የ19 ዓመት ልጅ «ፋልስካር» የተባለ አዲስ ደሴት ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 አወጣ። ሰዎቹ፣ ታሪኩ፣ ዋሻዎቹ ሁሉ አዲስ ናቸው። ብዙም ሳይቆይ «በንጂ» የተባለ ታላቅ የጨዋታ ኩባንያ ቀጠረው። ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ኒክ ፒርስ ነው። አውስትራሊያዊ የሕግ ባለሙያ ነበር፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ከ1,700 ሰዓት በላይ ደክሞ «የተረሳችው ከተማ» የተባለውን ሞድ እ.ኤ.አ. በ2015 አወጣ። በዚያች ከተማ አንድ ሰው ኃጢአት ከሠራ ሁሉም ይቀጣሉ፤ ተጫዋቹ የሚመረምረውም ይህንኑ ነው። ሥራው በ2016 የአውስትራሊያ ደራስያን ማኅበርን ሽልማት አገኘ፤ ፒርስም ጥብቅናውን ትቶ በ2021 ራሱን የቻለ ጨዋታ አድርጎ ሸጠው። ልብ ይበሉ፤ ይህን ሰው ያስመሰገነው ሰይፍ መጨመሩ አይደለም፤ ጥያቄ ያለበት ታሪክ መጨመሩ ነው።

ሞድን መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 2015 ቤተስዳና ቫልቭ የተባሉት ኩባንያዎች የስካይሪም ሞድ በገንዘብ እንዲሸጥ ፈቀዱ፤ ለሠሪው የሚደርሰው ከመቶ 25 ብቻ ነበር። ተጫዋቹ ተቈጣ፣ የሰው ሥራ ሰርቆ የሚሸጥም ተገኘ ተባለ፤ በአራተኛው ቀን ነገሩ ተሰረዘ። በኋላ ኩባንያው በሌላ መልክ ቢመልሰውም፣ አብዛኛው ሞድ እስከ ዛሬ በነፃ የሚታደል ነው። እንግዲህ ለገንዘብ ብለው የሚገቡ ከሆነ ሳልነግርዎት ገቡ እንዳይሉኝ። ስካይሪምን ራሱንም ለመግዛት በውጭ ገንዘብ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፤ ደህና ኮምፒዩተርም ይፈልጋል። ይህ ያልተመቸው ሰው «ባትል ፎር ዌስኖዝ» የተባለውን ይሞክር። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረ፣ በነፃ የሚታደል፣ በአሮጌ ኮምፒዩተር የሚሠራ የተረት ጦርነት ነው፤ ተጨማሪ ታሪኮቹም በተራ የጽሑፍ ፋይል የሚጻፉ ስለ ሆኑ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል ትዕግሥተኛ ሰው ሊማራቸው ይችላል።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ጉዳይ ልምጣ። የእኛ አገር ሰው በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው። «ሲቪላይዜሽን 6» የተባለው የነገሥታት ጨዋታ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2020 ኢትዮጵያን ሲጨምር ዐፄ ምኒልክን መሪ፣ የኦሮሞ ፈረሰኛን ደግሞ ልዩ ጦር አድርጎ አቅርቧል። ካሜሩናውያን «አውሪዮን» የተባለ በአፍሪካ ተረት ላይ የቆመ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2016 አውጥተዋል፤ በአዲስ አበባም ቅኔ ጌምስ ገበጣንና «ኩኩሉ»ን ለስልክ ሠርቷል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ሙሉ ጨዋታ መሥራት ገንዘብና ብዙ ሰው ይጠይቃል። በተሠራ ዓለም ውስጥ አንድ ቤት መትከል ግን አንድ ሰው፣ ከሥራ በኋላ፣ በአንድ ክረምት ሊሞክረው የሚችል ነገር ነው።

ቤቱስ የት ይገኛል? ነቀምቴ መካከል ያለውን የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ሄደው አላዩት ከሆነ እሑድ ይሂዱ፤ ደብተርና ሜትር ይዘው ይሂዱ። የእንጨቱን አሠራር፣ የደረጃውን ብዛት፣ የበሩን ስፋት ይጻፉ። ስካይሪም ውስጥ የእንጨት ቤት ሞልቷል፤ ይህን የሚመስል ግን የለም። ቡናውንም አይርሱ። በጨዋታው መድኃኒት ቅመማ ውስጥ እያንዳንዱ ቅመም አራት ጠባይ አለው፤ ለወለጋ ቡና ጉልበት መመለስን፣ ጉልበት ማብዛትን፣ የአስማት ኃይል መመለስን፣ ለሚያበዛውም ሰው አንድ ጉዳት ቢሰጡት የሚከራከርዎት የለም። ይህ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ቤቱ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ምን ይናገር?

እዚህ ላይ ወለጋ ድኻ አይደለችም። ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሰው እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተሙ፣ በኋላም በነቀምቴ ያስተማሩና በ1923 ዓ.ም. እዚያው ያረፉ ሰው ናቸው። አብራቸው የሠራችው አስቴር ጋኖ ደግሞ በልጅነቷ የሰማችውን ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን በብዛት እያስታወሰች ጽፋለች። ተረቱ ዛሬም በየሽማግሌው አፍ አለ፤ ጅቡ፣ ጦጣው፣ ወንዙን የሚጠብቀው አውሬ። እርስዎ ለዕረፍት ወደ ቤትዎ ሲመለሱ አባባ ወይም አያትዎ ቡና ላይ የሚያወሩት፣ ኒክ ፒርስ 1,700 ሰዓት የደከመበት ዓይነት ነገር ነው። ጠይቀው ይጻፉት። ሞዱን ሲያወጡም የነገሩዎትን ሰው ስም፣ እርሳቸው ከፈቀዱ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ ያስፍሩ፤ የገበጣ አሻሻዮች ያላገኙት ዕድል ነው።

አንድ ችግር ሳልነግርዎት እንዳልለይ። ንግግሩን በኦሮምኛ ከጻፉት፣ ቁቤ የላቲን ፊደል ስለ ሆነ ጨዋታው ሳይቸገር ያሳይልዎታል። በአማርኛ ሲጽፉት ግን ነገሩ ይለያል። ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሰንጠረዥ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ከ300 በላይ በሆኑ ምልክቶች ገብቷል፤ ስካይሪም ግን ከራሱ ጋር የመጡትን ፊደሎች ብቻ ነው የሚያውቀው። መፍትሔ አለው። የጨዋታው ፊደል «ኢንተርፌስ» በተባለው ማኅደር ውስጥ በአንድ ፋይል ተቀምጧል፤ የትኛው ፊደል የት እንደሚውል የሚያዝዘው ደግሞ «ፎንትኮንፊግ» የተባለ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። የግእዝ ፊደል ያለበትን ፋይል አሰናድቶ በዚያ መዝገብ ማስገባት ይቻላል፤ የሩሲያና የጃፓን ቋንቋ ቅጂዎች የሚሠሩትም በዚሁ መንገድ ነው። የግእዝ ሆሄ ሰፊ ስለ ሆነ መጠኑን አነስ አድርገው ይጀምሩ፤ አለዚያ ረጅሙ ቃል ከሳጥኑ ይወጣል። ለሙከራ ረጅም ነገር አይጻፉ። የቤትዎን በር ስም «ነቀምቴ» ብለው ይሰይሙትና ሰውዎን በሩ ፊት ያቁሙት። ፊደሉ ካልገባ የሚያዩት አራት ባዶ ሳጥን ነው። ተመልሰው ፋይሉን ያርሙ፣ ጨዋታውን እንደገና ይክፈቱ፣ ሰውዎን በዚያው በር ፊት ያቁሙትና አራቱን ሆሄ ይቍጠሩ።